ያልጻፉትን ማን ይሞላዋል? ውል፣ ሠራተኛና ክርክር በነጋዴው ጠረጴዛ

በአገራችን አንድ ነጋዴ የሕግ ምክር የሚሻው አብዛኛውን ጊዜ መጥሪያ ከደረሰው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ የሒሳብ ሠራተኛው፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ፣ ወይም «ቅጹ እኔ ጋ አለ» የሚል ወዳጅ ይሸፍኑለታል። ቅጹም ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ የመጣ ስለሆነ፣ በዕቃ አቅርቦት ውል መሐል «ተከራይ» የሚል ቃል ሳይታረም መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ጠብ እስኪመጣ ድረስ የሚያነበው የለም፤ ጠብ ሲመጣ ግን ዳኛው የሚያነበው እሱኑ ነው።

«ሁሉንም በጽሑፍ አድርገው» የሚለው የተለመደ ምክር ስሕተት የለበትም፤ ግን ግማሽ ምክር ነው። ያልተጻፈውን ነገር ሕጉ በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይን አያየውም። ሁለት ነጋዴዎች ሲዋዋሉ ዝም ብለው ያለፉት ነገር ካለ ጉዳቱ በዝምታው በሚጎዳው ላይ ይቀራል፤ ሕጉም እሱን ለማዳን አይቸኩልም። አሠሪና ሠራተኛ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ያልተጻፈውን አዋጁ ራሱ ይጽፈዋል፤ የተጻፈውም ከአዋጁ ወለል ካነሰ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ባለ ንግድ ጠዋት ከአቅራቢው ጋር ሲፈራረምና ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ ሲቀጥር ሁለት የተለያየ አስተሳሰብ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ክሶች የሚወለዱት አንዱን በሌላው ቦታ ከመጠቀም ይመስለኛል።

ሕጎቹን በአጭሩ እናስቀምጣቸው። የውል መሠረቱ ዛሬም ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የንግድ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ታድሷል፤ ሆኖም ስለ ቼክና ስለ መድን የሚናገሩት የ1952ቱ ክፍሎች አሁንም በሥራ ላይ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተደንግጓል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው አስገዳጅ ትርጉም አለ። አዋጁን ብቻ አንብቦ «ገብቶኛል» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው።

ውል ሁሉ በጽሑፍ መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1719 መነሻው ነጻነት ነው፤ ሕግ ካላስገደደ ወይም ተዋዋዮቹ ራሳቸው ካልተስማሙ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። መርካቶ ውስጥ በስልክ ብቻ የሚያልቀው የበርበሬ ወይም የጨርቅ ሽያጭ ውል ነው፤ በምስክርም ሊረጋገጥ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ በቴሌግራም የተጻጻፉትንም «ወረቀት አይደለም» ብሎ መጣል ቀላል አይደለም።

ችግሩ ያለው ጽሑፍ ግዴታ በሆነባቸው ጥቂት ቦታዎች ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ የዋስትና፣ የመድንና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም። ጽሑፉም በተዋዋዮቹ ሁሉ ተፈርሞ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። የቤት ሽያጭ ከሆነ ደግሞ ውልና ማስረጃ ቀርቦ መመዝገብ ይጠይቃል። ብድር የራሱ ወጥመድ አለው፤ በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ብቻ ነው። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ምሳ ግብዣ የማይበቃበት ቤት አለ። ቁጥሩ ግን አልተነካም። ስለዚህ ዕቃ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ አስረካቢውን፣ ሾፌሩን፣ ጫኝና አውራጁን ምስክር ሊያቆም ሲችል፣ ለጓደኛው ለንግድ ማንቀሳቀሻ ጥሬ ገንዘብ ያበደረው ግን አሥር ምስክር ቢኖረው እንኳ ተበዳሪው ከካደ ወረቀት ይጠየቃል።

ነጋዴውን ከሁሉ በላይ የፈተነው ግን የዋጋ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በቀድሞው ዋጋ ማሽን ለማስገባት፣ ሕንፃ ለመጨረስ፣ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ለማቅረብ የፈረመ ሁሉ ወደ ጠበቃ ሮጠ። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ይህ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም ወይ?»

የሕጉ መልስ ጨካኝ ነው። ቁጥር 1764 ውሉ ለአንዱ ወገን ከታሰበው በላይ ሸክም ስለሆነ ብቻ ዳኛው ሊለውጠው እንደማይችል ይናገራል። ቁጥር 1794 ደግሞ ከአቅም በላይ የማይባሉትን በስም ይዘረዝራል፤ በራሱ ድርጅት ወይም በሥራው ዘርፍ የተነሣ የሥራ ማቆም፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ፣ ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት። አርቃቂው ይህን ሲጽፍ የዛሬውን ነጋዴ ቢሮ በመስኮት ያየ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚጀምረው ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በሚል ነው፤ መውጫው በሩ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት መስመር የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ በቂ ነበር፤ መነሻው የምንዛሬ ተመን ስንት እንደሆነ፣ ከስንት በመቶ በላይ ሲለወጥ ዋጋው እንደሚከለስ፣ ካልተስማሙ ማን እንደሚወስን። ይህን የጻፈ ነጋዴ ከገዢው ጋር ተቀምጦ ሒሳብ ሠራ፤ ያልጻፈው በኪሳራ አቀረበ፣ ወይም አላቀርብም ብሎ ተከሰሰ።

ተመሳሳይ ዝምታ የሚያስከፍለው ሌላው ቦታ የክፍያ መዘግየት ነው። ውሉ ስለ ወለድ ካልተናገረ ሕጉ የሚሰጠው በዓመት 9 በመቶ ነው። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በወጣባቸው ዓመታት ዕዳውን ሳይከፍል ሦስት ዓመት የተከራከረ ሰው፣ በፍርድ ቢሸነፍም በሒሳብ አሸንፏል፤ ከየትኛውም ባንክ የረከሰ ብድር ወስዷል ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መቀጫ ነው። ተዋዋዮች የጉዳቱን መጠን አስቀድመው መወሰን ይችላሉ፤ ከውሉ ከፊሉ ካልተፈጸመ በቀርም ዳኛው በመሠረቱ አይቀንሰውም። ቀብድ ደግሞ ሕዝቡ ከሕጉ ጋር ሙሉ በሙሉ የተግባባበት ብርቅ ጉዳይ ይመስለኛል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። «ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ከጻፉት ግን ይህ ሁሉ መከራከሪያ ይሆናል።

ባሕር ማዶ ሆነው አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነግዱ ወገኖቻችን አንድ ነገር በተለይ ሊባል ይገባል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለወንድም ወይም ለእህት የሚላከው ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ነው፤ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ የተበላሸ ለማሳደስ፣ ዕዳ ለመክፈል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ካፒታል ማኅበር ውስጥ ለማስገባት፣ ጠብን በስምምነት ለመጨረስ ወይም በግልግል ዳኞች ለመዳኘት ለመስማማት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ቁጥር 2205 ይህን በግልጽ ይዘረዝራል። «ጠቅላላ» የሚለው ቃል ሁሉን የሚያጠቃልል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሥራው ሲደናቀፍ ወንድሙ ይወቀሳል፤ ጉድለቱ ግን ወረቀቱ ላይ ነበር።

በውልና በሥራ ሕግ ድንበር ላይ የቆመ፣ በአገራችን የተለመደ ሰነድ አለ፤ የተያዥ ደብዳቤ። ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ወይም ሾፌር የሚቀጥር ድርጅት ሁሉ ዋስ አምጣ ይላል። ደብዳቤውም «ለሚያጎድለው ገንዘብና ንብረት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል። «ሁሉ» የሚለው ቃል አሠሪውን ያስደስተዋል፤ ዋስትናውን ግን ይገድለዋል። በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና የሚጸናው ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ሲጠቀስ ብቻ ነው። ገንዘብ ጎድሎ፣ ሠራተኛው ጠፍቶ፣ ዋሱ ተከስሶ፣ ክሱ በዚህ አንድ ጉድለት የሚወድቅበት ድርጅት ጥቂት አይደለም። የብሩን መጠን በፊደልና በአኃዝ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ሥራ ውል ስንገባ ያው ባለ ንግድ ልማዱን መቀየር አለበት። እዚህ ውል አለመጻፍ አሠሪውን ነጻ አያወጣውም። የጽሑፍ ውል ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። አሠሪው ግን የሚያጣው አለ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማሙበት የለም ማለት ነው፤ ከተጻፈም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «መጀመሪያ እንየው» ብሎ በቃል ያስገባ አሠሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ቀጥሯል።

ከዚህ የሚከፋው የየዓመቱ ኮንትራት ነው። አስተናጋጁን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ጥበቃውን በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ እያስፈረሙ «ጊዜው ሲያልቅ ይወጣል» ማለት በብዙ ድርጅት እንደ ጥበብ ይቆጠራል። አዋጁ ግን የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው፤ ለተለየ ሥራ፣ በሕመም ወይም በፈቃድ የተለየን ሠራተኛ ለመተካት፣ ድንገት ለበዛ ሥራ፣ ለወቅታዊ ሥራና ለመሳሰሉት። ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ከሆነ የአስተናጋጅ ሥራ ወቅታዊ አይደለም። ወረቀቱ «አንድ ዓመት» ቢልም ዳኛው የሚያየው ሥራውን ነው። «የሥራ መሪ» የሚለው ማዕረግም እንዲሁ ነው። የሥራ መሪዎች ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ የመቅጠር፣ የማሰናበትና የመመደብ ሥልጣን የሌላትን የሱቅ ኃላፊ ግን «ማናጀር» ብሎ መጥራት ከአዋጁ አያስወጣትም።

ስንብት የሚያስወጣውን ገንዘብ በአንድ ምሳሌ እንየው። ወር 9,000 ብር የሚከፈለው፣ ሦስት ዓመት የሠራ ሠራተኛ በአንድ የቁጣ ጠዋት «ውጣ!» ተባለ እንበል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል፤ ወሩን በ30 ብናካፍል 54,000 ብር ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሰው ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ስለሆነ 18,000 ይጨመራል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ ሲሆን 15,000 ነው። ድምሩ 87,000 ብር ደረሰ። ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም ነበረበት፤ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል፤ 27,000። አንድ ቃል 114,000 ብር ሊያስወጣ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ገና አልተቆጠረም፤ እሱም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው።

እዚህ ላይ አሠሪዎች «ታዲያ ሌባንም ዝም ብለን እናኑረው?» ይላሉ። አይደለም። አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅዳል፤ ግን የሚፈቅደው ሥርዓት ጠብቆ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ፣ ወይም አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። ማስጠንቀቂያው በቃል ከሆነ ግን ቆጠራው ዜሮ ነው። የስንብቱ ምክንያትና ቀን በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ መወሰን እንዳለበት ነው። በአገራችን ባህል ጥፋት የተገኘበት ሰው ወዲያው አይባረርም፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ነገሩ ይንጠለጠላል። ሦስት ወር አልፎ አዲስ ጠብ ሲነሣ የድሮው ሌብነት እንደ ምክንያት ይጻፋል። ያኔ ጊዜው አልፏል። ደግ ለመሆን የፈለገ አሠሪ ደግነቱን በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ቢጨርሰው ይሻለዋል። ሠራተኛውም የራሱ ሰዓት አለው፤ ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር፣ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ስለ ትርፍ ሰዓትና ስለ ጡረታ ረጅም ነገር የለኝም። በቀን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት ሩብ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ለጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል። ይህ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ደመወዙን አሳንሶ መመዝገብ ግን ሲወጣ ሁለቱንም ይጎዳል።

ክርክሩ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ የት የሚለው ነው፤ መልሱም ውሉ በተፈረመበት ቀን ተወስኗል። «አለመግባባት ቢፈጠር በሽምግልና ይፈታል» የሚለው መስመር በየውሉ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ግን ሌላ ክርክር ነው። ሽማግሌዎቹ አስማሚ ናቸው ወይስ አስገዳጅ ውሳኔ የሚሰጡ ዳኞች? ስንት ናቸው? ማን ይሾማቸዋል? አንዱ ወገን አልሾምም ቢልስ? ይህን የማይመልስ አንቀጽ ከመጻፍ አለመጻፍ ይሻላል። ለመካከለኛ ድርጅት ቀላሉ መንገድ የአንድ ተቋም ደንብ መጥቀስ ነው፤ የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ለምሳሌ ለዚህ የቆመ ነው። በአዋጅ 1237/2013 የግልግል ውሳኔ ተዋዋዮች ካልተስማሙ በቀር ይግባኝ አይባልበትም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ግን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ሰበር ይቀርባል። ልዩነቱን ያስተዋሉት ጠበቆች ሁለቱንም በር በውሉ ይዘጋሉ። የግብር፣ የመሬት ሊዝና የሸማቾች ጥበቃ ጉዳይ ለግልግል አይቀርብም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኒውዮርኩን ስምምነት ካጸደቀች ወዲህ የውጭ አገር ሸሪክ ያለው ነጋዴ ውጭ የተሰጠን ውሳኔ እዚህ ማስፈጸም፣ የእዚህንም ውጭ መውሰድ ይችላል።

እኔ ግን ለአነስተኛ ነጋዴ ግልግልን በጅምላ አልመክርም። የሦስት ግልግል ዳኞች አበል ከአከራካሪው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። መጠኑ የታወቀና በሰነድ የተደገፈ ዕዳ ካለ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 አጭር መንገድ ይሰጣል፤ ተከሳሹ ለመከላከል በቅድሚያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ያለው ፍርድ ቤት መር አስማሚነትም ለነጋዴ የተመቸ ነው፤ ነገ አብረው ሊሠሩ የሚችሉ ሰዎች ሳይቆራረጡ ይወጣሉ። የሥራ ክርክር ደግሞ በሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፤ ሠራተኛው ዳኝነት አይከፍልም፣ ስለዚህ «ገንዘብ የለውም፣ አይከስም» የሚለው ስሌት አይሠራም።

ደረቅ ቼክን ሳላነሣ አላልፍም። ብዙ አበዳሪ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ እንደ መያዣ ይቀበላል፤ ሐሳቡ «ካልከፈለ ይታሰራል» ነው። ቼክ በሕጉ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው፤ በላዩ የተጻፈው የወደፊት ቀን ይህን አይለውጠውም። ያለ በቂ ስንቅ ቼክ መጻፍ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 ያስጠይቃል። ነገር ግን እስር ዕዳ አይከፍልም፤ የታሰረ ነጋዴ ሱቁ ይዘጋል፣ ገንዘቡም ከሱቁ ጋር ይዘጋል። ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ሰነድ ነው፦ የባንክ ዋስትና፣ የንብረት መያዣ፣ ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲዋዋል የማኅበሩ አባላት በግላቸው የሚፈርሙት፣ የብር መጠኑ የተጻፈበት ዋስትና። ማኅበሩ ብቻ የፈረመ እንደሆነ ፍርዱ የሚገኘው በማኅበሩ ላይ ነው፤ ማኅበሩም በዚያን ጊዜ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ሊኖረው ይችላል። ተከሳሹ ንብረት እያሸሸ መሆኑን ማሳየት ከተቻለ ከፍርድ በፊት ማሳገድ ይቻላል። ካልሆነም ፍርዱን ይዞ መጠበቅ ነው፤ አፈጻጸም የሚጠየቅበት ጊዜ አሥር ዓመት ስለሆነ ባለዕዳው ዳግመኛ ንብረት ሲያፈራ ፋይሉን መክፈት ይቻላል።